ድንቡሼ ጋሽ ተሰማን ሊገድላቸው የነበረ ጊዜ

ሰው ሊገድል የነበረ ውሻ አለኝ ብል ድንቡሼን የሚያውቅ ሁሉ ይስቅብኛል። ቁመቱ ከውሃ ጆግ ብዙም አይበልጥም። ፀጉሩ ነጭና ጥቅልል ያለ ነው፤ ዶሮ ካየ እግሬ ሥር ይደበቃል። አሰላ ውስጥ ውሻ ማለት ቀን በሰንሰለት ታስሮ የሚውል፣ ማታ ተፈትቶ ጅብ የሚያባርር ነው። ድንቡሼ ደግሞ ብርድ ልብስ ካልለበሰ እንቅልፍ አይወስደውም። እንዲያም ሆኖ ባለፈው ክረምት አንድ ትልቅ ሰው ይዞ ሊሄድ ጥቂት ነው የቀረው። ወሬው ሲዞር ብዙ ስለተጨመረበት ከኔ ከጌታው ብትሰሙት ይሻላል።

ያኔ ከአዲስ አበባ ወደ ተወለድኩባት አሰላ ከተመለስኩ ገና ዓመት አልሞላኝም ነበር። ሥራዬ አዲስ አበባ ላለ ድርጅት የተቀረጹ ቃለ መጠይቆችን እያዳመጡ በአማርኛና በኦሮምኛ መጻፍ ነው። ላፕቶፕ፣ ኢንተርኔትና የማይጠፋ መብራት ካለ የትም ተቀምጦ ይሠራል። (የመጨረሻውን እየቀለድኩ ነው።) ውሻውን ያወረሰችኝ አዲስ አበባ ጎረቤቴ የነበረች ልጅ ናት። ስታገባ ባሏ «ወይ እኔ ወይ ውሻው» አላት፤ ባሏን መረጠች። እስከ ዛሬ ተሳስታለች ባይ ነኝ።

የተከራየሁት ጋሽ ተሰማ ግቢ ውስጥ ነው። ጋሽ ተሰማ ከኢተያና ከበቆጂ ስንዴ በጭነት መኪና ሲያመላልሱ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ጡረተኛ ሹፌር ናቸው። ደረታቸው ሰፊ፣ ድምፃቸው ክላክስ ነው። ክፍሌና የሳቸው መኝታ ቤት አንድ ግድግዳ ይጋራሉ፤ እሳቸው ሲያስነጥሱ እኔ «ይማርዎት» እላለሁ። ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ደግሞ ቤት ውስጥ የሚውል ወንድ ሥራ አለው ብለው ለማመን ተቸግረው ነበር።

«ዮናስ፣ ቤት ነህ አይደል? ስጡን ዶሮ እንዳይበላብኝ እይልኝ።»

«እትዬ፣ ሥራ ላይ ነኝ።»

«አውቃለሁ፤ ተቀምጠህ አይደል የምትሠራው? ተቀምጠህ ጠብቅልኝ።»

እኔ ድንቡሼን ወክዬ ስጡ አጠገብ አስቀምጠዋለሁ። ዶሮዋ ስትመጣ እሱ ወደ ቤት ይሮጣል፤ እሱ ሲሮጥ ዶሮ መጣች ማለት ስለሆነ እኔ እወጣለሁ። እንዲህ እየተጋገዝን እንኖር ነበር።

ነገር የተበላሸው አዲስ አለቃ ሲሾምልን ነው። አቶ ብሩክ ይባላል። እሱ እስኪመጣ ሥራ የምንቀባበለው በጽሑፍ ነበር። አቶ ብሩክ ግን «ፊት ለፊት ካልተያየን ቡድን አይደለንም» ብሎ ሰኞና ሐሙስ ጠዋት በቪዲዮ እንድንሰበሰብ አዘዘ። ስብሰባው ሲከፈት ኮምፒዩተሩ አጭር ዜማ ያሰማል፤ ከዚያ አቶ ብሩክ በየተራ ስም ይጠራል። የመጀመሪያው ሰኞ ዜማው ተሰማ፣ እኔ ተጠራሁ፣ «አቤት» ብዬ ሪፖርቴን ጀመርኩ። አልጋው ላይ ተኝቶ የነበረው ድንቡሼ ቀና አለ፤ አንገቱን ወደ ጣሪያው ሰቅሎ ያላዝን ጀመር።

እንዲያ ያለ ድምፅ ከዚያ ትንሽ አካል ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። ረጅም ነው፣ ይንቀጠቀጣል፣ መጨረሻው ላይ እንደ አልቃሽ ይሰበራል። ማይክሮፎኑን ዘግቼ አፉን ያዝኩት። ስናገር እንደገና፤ ስጨርስ ዝም። ዜማው ጆሮውን ቢያመው ነው ብዬ ተውኩት።

የአገሬን ሰው የማታውቁ ካላችሁ ልንገራችሁ። ውሻ ከጮኸ ሌባ ነው፣ ወይም ጅብ ነው። እያላዘነ ከጮኸ ግን ሞት አይቷል ማለት ነው። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ከኛ በታች ያሉ፣ ለዓመታት አልጋ ላይ የነበሩ አሮጊት አረፉ። በሐሙሱ ስብሰባ ድንቡሼ ደገመው፤ አርብ የአንድ ጎረቤት በሬ ገደል ገብቶ ሞተ። ሰፈሩ እነዚህን ነገሮች አንድ ላይ ገጥሞ ሲጨርስ እኔ ምንም አልሰማሁም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

በሚቀጥለው እሁድ ጋሽ ተሰማ ዝናብ መታቸው፤ ጉንፋን ያዛቸው። ሰኞ ጠዋት አልጋ ላይ ሆነው ሲያስሉ ከግድግዳው ማዶ ሰማኋቸው። «ይማርዎት ጋሼ!» አልኳቸው። «ይኑርህ!» አሉ። ቀጥሎ ዜማው ተከፈተ፤ አቶ ብሩክ ስሜን ጠራ፤ እኔ «አቤት» ስል ድንቡሼ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ከወትሮው ረዘም አድርጎ አላዘነ።

ከማዶ የጋሽ ተሰማ ሳል ቀጥ አለ።

ስብሰባው አልቆ በሩን ስከፍት እትዬ አስካለ ነጠላቸውን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቀው ቆመዋል።

«ውሻ በበላበት ይጮሃል ሲባል ነበር የማውቀው» አሉ። «ያንተ ግን በበላበት ሙሾ ያወርዳል። እኔ ነኝ ትርፍራፊ የምሰጠው! ባሌን ደግሞ እሱ ይወስድልኛል?»

«እትዬ፣ ምን ሆነዋል?»

«ምን እንደሆንኩ ተሰማን ጠይቀው። ግድግዳውን ይዞ ነው የተኛው። ስማ፣ እሱ አንድ ነገር ከሆነ ያ ውሻ በዚህ ግቢ አያድርም። አንተም አታድርም።»

ስገባ ጋሽ ተሰማ በጀርባቸው ተጋድመው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ጣሪያ ያያሉ። ከዚያ በፊት በሰላሳ መኪና መሐል የሚሰማው ድምፃቸው ሹክሹክታ ሆኗል።

«መጣህ ልጄ? በውሻው አልተቀየምኩም። እሱ ምን ያድርግ፤ ያየውን ነው የተናገረው።»

«ጋሼ፣ ጉንፋን እኮ ነው! ሐኪም ቤት እንሂድ።»

ሄድን። ሐኪሙ መረመራቸው፣ ሳቀ፣ ትኩስ ነገር ይጠጡ ብሎ መለሰን። ባጃጅ ውስጥ «አዩ ጋሼ?» ብላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሐኪሙ ምን ያውቃል? ውሻውን አልሰማውም።»

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እህል እምቢ አሉ። አጥሚት ሲመጣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። ማክሰኞ የንስሐ አባታቸው መጥተው ሄዱ። ቀጥሎ የቀብር ሥነ ሥርዓቱን ማዘዝ ጀመሩ። የዕድሩ አሮጌ ድንኳን ስለሚያፈስ አዲሱ እንዲተከል፣ ካልሆነ ቀብሩ ዝናብ እስኪያባራ እንዲቆይ፣ ቀብራቸው ላይ እንዳያለቅስ የከለከሉት አንድ የቀድሞ ረዳታቸው እንዳለ ሁሉ ተናገሩ። ማምሻውን ስልክ አምጡልኝ ብለው አቦምሳ ላለው ታናሽ ወንድማቸው ደወሉ። በአባታቸው መሬት ላይ ባለ አንድ ዛፍ ተጣልተው ከተኳረፉ ልጆቻቸው አድገው ልጅ ወልደዋል።

«ይቅር ብዬሃለሁ» አሉት። «ዛፉንም ውሰደው።» ዘጉ።

እትዬ አስካለ የዚያን ጊዜ ነው ያለቀሱት። «ዛፉን ከሰጠማ አይተርፍም» አሉ።

እኔ ከመኝታ ቤቱ ወጥቼ ክፍሌ ገባሁ። ድንቡሼ በደስታ ዘሎ ደረቴ ላይ ወጣ። ተናደድኩበት፤ መልሼ ደግሞ አቀፍኩት። ፈርቼ ነበር። ጋሽ ተሰማን እወዳቸዋለሁ፤ አባቴ ከሞተ በኋላ ከግድግዳ ማዶ «ይኑርህ» የሚለኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው። ሰው በጉንፋን አይሞትም፤ እህል እምቢ ብሎ ተኝቶ እሞታለሁ ያለ ሽማግሌ ግን ይሞታል። ከሞቱ ደግሞ ይህን ውሻ ነፍሰ ገዳይ አይደለም ብሎ የሚከራከርልኝ አንድ ሰው አሰላ ውስጥ አላገኝም።

የተከራከረልኝ ግን ተገኘ። ሐጂ ከድር የጋሽ ተሰማ የልጅነት ጓደኛ ናቸው። ሱቅ አላቸው፤ ሰፈሩ ሲጣላ ደግሞ ሽማግሌ ሆነው የሚያስታርቁት እሳቸው ናቸው። ረቡዕ ሊጠይቁ መጥተው በሩ ላይ ቆሙ።

«ተሲማ! ማል ታቴ? ምን ሆንክ?»

«ሳሬው፣ ያ ውሻ፣ ተናገረ፣ ከድር። አለቀልኝ።»

ሐጂ ወደ ግቢ ወጥተው ጠሩኝ። ድንቡሼ ሊልሳቸው ሲሮጥ ጋቢያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው ወደ ኋላ አፈገፈጉ። «ያዘው፣ ያዘው! ውዱእ አለኝ፣ ለሶላት ታጥቤአለሁ!» ያዝኩት። ዜማውን፣ ስብሰባውን፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ጢማቸውን እያሹ አሰቡ።

«እስቲ ልጠይቅህ። ውሻው የሚያላዝነው ያ ሙዚቃ ሲከፈት ብቻ ነው?»

«ብቻ ነው ሐጂ።»

«በቃ። ሰው ተከሶ ሳይጠየቅ አይፈረድበትም፤ ሳሬም ቢሆን። ነገ ተከሳሹንም ኮምፒዩተሩንም ይዘህ ተሰማ ፊት ቅረብ። ሙዚቃው ሲከፈት ቢያላዝን ጥፋቱ የሙዚቃው ነው፤ ተሰማ ይነሳል።»

እትዬ አስካለን ለማሳመን ግማሽ ቀን ፈጀባቸው። «ሞቱን ያመጣውን ደግሞ አልጋው ድረስ ላምጣለት?» ነበር መልሳቸው። በመጨረሻ እሺ ያሉት ሐጂ «ካልሆነ ውሻውን ራሴ አባርረዋለሁ» ብለው ስለማሉ ነው። እኔም አንገቴን ደፍቼ ተስማማሁ።

ሐሙስ ጠዋት ጋሽ ተሰማ መኝታ ቤት ሞላ። ሊጠይቁ የመጡ የሰፈር ሴቶች በግድግዳው ዙሪያ ተቀምጠዋል፤ እትዬ አስካለ ራስጌው ጋ፤ ሐጂ ከድር ጋቢያቸውን ሰብስበው ደፉ ላይ። ላፕቶፑን ወንበር ላይ አስቀመጥኩ። ድንቡሼን ለቀቅሁት። እሱ ዘሎ አልጋው ላይ ወጣ፤ የጋሽ ተሰማን እግር ሦስት ጊዜ ዞሮ ተጠቅልሎ ተኛ።

«ዩ!» አለች አንዷ ሴት።

«ስሙ» አልኩ። «አሁን ትሰማላችሁ።» ዜማውን ከፈትኩ።

ዜማው ተጫውቶ አለቀ። ድንቡሼ አንድ ጆሮውን አነሳና መለሰው።

ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ድምፁን ጨምሬ ደገምኩት። አዛጋ። ለሦስተኛ ጊዜ ወደ ጆሮው አስጠጋሁለት፤ እጄን ላሰኝ።

እትዬ አስካለ በዝግታ «አያችሁ» አሉ። «ጨርሷል። ከእንግዲህ ምን ያላዝናል፤ እግሩ ሥር ቁጭ ብሎ ነፍሱን እየጠበቀ ነው።» ሴቶቹ አንገታቸውን ደፉ። ጋሽ ተሰማ ዓይናቸውን ጨፍነው «ተዉት» አሉ፤ «ልጁን አታስጨንቁት። የቁርጥ ነገር ነው።» ሐጂ ከድር ወደ እኔ ያዩትን አስተያየት አልረሳውም። ለመጀመሪያ ጊዜ ጋሽ ተሰማ የምር እንደሚሞቱ ተሰማኝ።

እንዲህ ሆኜ ሳለሁ ነው እውነተኛው ስብሰባ ሰዓቱ ደርሶ የተከፈተው። አቶ ብሩክ በክራቫት ስክሪኑን ሞላው።

«ዮናስ! እዚያ ነህ? ትናንት የላክሁልህ ፋይሎች እስከ እሁድ ይደርሳሉ?»

እሁድ! ለሳምንታት እሁድ አርፌ አላውቅም ነበር። ግን እንደ ልማዴ ወገቤን ቀና አደረግሁ፤ ጥርሴን አሳየሁ።

«በሚገባ አቶ ብሩክ! ምንም ችግር የለም! እንዲያውም ደስ ነው የሚለኝ!»

«ኡኡኡኡኡ...»

ድንቡሼ አልጋው ላይ ቆሟል። አፍንጫው ጣሪያውን ያያል። ጋሽ ተሰማ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ምንድን ነው እሱ?» አለ አቶ ብሩክ።

«ይቅርታ አቶ ብሩክ! ምንም አይደለም! ሁሉም ነገር በጣም ጥሩ ነው!»

«ኡኡኡኡኡኡ...»

ሐጂ ከድር ብድግ አሉ። «ዝም በል!» አሉኝ። ዝም አልኩ፤ ድንቡሼም ዝም አለ። «አሁን ለኔ ተናገር።»

«ምን ልበል ሐጂ? ጉድ ፈላ እኮ!»

ድንቡሼ ተቀመጠ።

«አሁን ለዚያ ሰውዬ ተናገር።»

«አቶ ብሩክ፣ ሥራውን በታላቅ ደስታ...»

«ኡኡኡ...»

አንዷ ሴት በነጠላዋ አፏን አፈነች። ያን ጊዜ ነው እኔም ራሴን የሰማሁት። ድምፄ ቀጥኗል። ከደረቴ መውጣት ትቶ በአፍንጫዬ ነው የሚወጣው፤ ማር የተቀባ ውሸት ነው። ለካ ዜማው ሁልጊዜ ከኔ ድምፅ ስለሚቀድም እንጂ ጥፋተኛው እሱ አልነበረም። ውሻዬ ሲያላዝን የኖረው የአለቃን ፊት ሳይ የማወጣውን ያንን ድምፅ ሲሰማ ነው።

«ወላሂ ተሲማ፣» አሉ ሐጂ፣ «ውሻው ልክ ነው። እኔም ይሄን ድምፅ ቀን በቀን ብሰማ አላዝን ነበር።»

ጋሽ ተሰማ በክርናቸው ተደገፉ። ቀጥለው ተቀመጡ። እኔን አዩ፣ ስክሪኑን አዩ፣ ድንቡሼን አዩ። ከዚያ ያ ክላክስ ድምፃቸው ተመለሰ።

«ለካ ለኔ አይደለም! እየሞተ ያለው ይሄ ልጅ ነው!»

ሳቁ። ሳላቸውና ሳቃቸው ተደባልቆ አልጋው ተንቀጠቀጠ። ሴቶቹም የያዙትን ለቀቁት። አቶ ብሩክ ክራቫቱን እያስተካከለ ምን እንደተፈጠረ ደጋግሞ ይጠይቃል። ልመልስለት ስል ስክሪኑ ላይ አንዲት ሴትዮ ገቡ፤ የድርጅቱ ዋና ሥራ አስኪያጅ ናቸው፤ ስብሰባ ላይ ገብተው አያውቁም።

«ብሩክ፣ ያ ሥራ እሁድ ይደርሳል ብለሃል፤ እውነት ይደርሳል?»

አቶ ብሩክ ወገቡን ቀና አደረገ። ጥርሱ ታየ። «በሚገባ እመቤቴ! ምንም ችግር የለም! ቡድኑ በታላቅ ደስታ ነው የሚ...»

«ኡኡኡኡኡኡኡ...» አለ ድንቡሼ ወደ ስክሪኑ ዞሮ።

ሐጂ ከድር ደፉ ላይ ተቀምጠው በጋቢያቸው እንባቸውን ጠረጉ። «ይሄኛውማ ተቀብሯል!» አሉ። ጋሽ ተሰማ «አስካለ!» ብለው ተጣሩ። «ገንፎ! ቅቤውን አትሰስቺ!» እትዬ አስካለ ባላቸውን አንድ ጊዜ አዩአቸው፣ እያለቀሱም እየሳቁም ወደ ማድ ቤት ሮጡ። ስብሰባው መቼ እንደተዘጋ አላውቅም።

አርብ ዕለት ከአቦምሳ ወንድምዬው ጥቁር ለብሶ፣ ፍየል እየጎተተ ግቢ ገባ። ጋሽ ተሰማ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ሁለተኛ ገንፏቸውን ይበላሉ።

«አልሞትክም?»

«አልሞትኩም።»

«ታዲያ ይቅርታው?»

ጋሽ ተሰማ ማንኪያቸውን አስቀምጠው ሐጂ ከድርን አዩ። ዛፉን ማስመለስ እንደፈለጉ ፊታቸው ላይ ይነበባል። ሐጂ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይቅርታ አንዴ ከወጣ አይመለስም፣ ተሲማ።» ታናሹ ፍየሉን አጥር ላይ አስሮ ከጎናቸው ተቀመጠ፣ ከገንፎውም ጎረሰ። ድንቡሼ ፍየሉን ሲያይ እግሬ ሥር ገባ።

አንባቢዎቼ፣ ከዚህ ሁሉ ምን ተማርክ ብትሉኝ የማስተምረው ብዙ የለኝም። ሰው ብዙ ድምፅ አለው፤ ለእናቱ፣ ለጓደኛው፣ ለአለቃው። ይሄ ነውር አይደለም፤ እንጀራ ነው። እኔ ግን አንዱ ድምፄ ሌሎቹን እየበላ መሆኑን አላወቅሁም ነበር። ቤቴ ሆኜ ነው የምሠራው እያልኩ እፎክር ነበር፤ ቤቴ ውስጥ የነበረው ግን እኔ ሳልሆን ያ በአፍንጫው የሚናገር ሰውዬ ነው። እናንተም እስቲ አለቃችሁን ስታናግሩ ቤት ያለ ሰው ያዳምጣችሁ። ሰው ከሌለ ውሻ ይበቃል፤ ውሻ ይሉኝታ የለውም።

በሚቀጥለው ሳምንት ሰኞ፣ አቶ ብሩክ እንደገና ጠራኝ። ስላለፈው ሐሙስ አንዲት ቃል አላነሳም፤ ፊቱ ግን ኮስተር ብሏል። ሥራው እሁድ ስላልደረሰ ለሚመጣው እሁድ እንዳደርስ፣ ካልሆነ «ሌላ ሰው እንደምንፈልግ» ነገረኝ። ድንቡሼ አልጋው ላይ ቀና አለ። አየኝ። ሥራውን ካጣሁ ኪራዩም፣ ኢንተርኔቱም፣ አሰላም እንደሚቀር አሰብኩ። ፈርቼ ነበር፤ አልዋሽም።

«አቶ ብሩክ፣ እሁድ አልሠራም» አልኩ። «ከእሁድ በኋላ ባለው ማክሰኞ አደርሳለሁ። ከዚያ በፊት አልችልም።»

ድምፁ የኔ ነበር። ወፍራም፣ ትንሽ የሚንቀጠቀጥ። ድንቡሼ ጭንቅላቱን መልሶ ትራሱ ላይ አሳረፈ።

አቶ ብሩክ ክራቫቱን ላላ አደረገና፣ ከዚያ በፊት ሰምቼው በማላውቀው ጎርነን ያለ ድምፅ «እሺ፤ እኔም እሁድ ደክሞኛል» አለ።

ወዲያው ግድግዳው በቡጢ ተደለቀ።

«ዮናስ! ዛሬስ ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም ጋሼ!»

«ተመስገን!» አሉና አስነጠሱ።